«ፈርም» ቢሉት መጀመሪያ ያንብበው

እህቴ፣ ወንድምሽ ትናንት ማታ ተይዞ «ቃልህን ስጥና ፈርም» እየተባለ መሆኑን ጽፈሻል፤ እምቢ ቢል ይጎዳው እንደሆነም ጠይቀሻል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ዝም ማለቱ ጥፋተኛ አያደርገውም።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ በእኛ ቤት ስለደረሰ ነው። ታናሽ ወንድሜ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር፤ ዕቃ ጎደለና ተያዘ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አድሮ ጠዋት ቃሉን ሲሰጥ «ቁልፉ እኔ ጋር ነበር» አለ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን «ቁልፉ እኔ ጋር ብቻ ነበር» የሚል ነው። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ቁልፍ ነበራቸው። ቶሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ መስሎት ሳያነብ ፈረመ። ያቺ «ብቻ» እስከ መጨረሻው ተከተለችው፤ እሷን ለማስተባበል ምስክር ፍለጋ ስንንከራተት ወራት አለፉ። በነፃ ተሰናብቷል፤ እናታችን ግን በዚያ ጊዜ እንደከሳች ቀረች።

ስለዚህ ምሳ ስታደርሺለት ንገሪው። ለመናገር ከፈለገ ይናገር፤ ከመፈረሙ በፊት ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ያንብበው። ያላለው ነገር ከተጻፈ ይታረምልኝ ይበል፤ ካልታረመ አይፈርም። «ጠበቃ ሳላማክር ቃል አልሰጥም» ማለትም ይችላል። የመታው ወይም ያስፈራራው ካለ ችሎት በቀረበበት በመጀመሪያው ቀን ለዳኛው ይንገር፣ ቁስል ካለበትም ያሳይ። ተገዶ የሰጠው ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ፈርቶ ዝም ይላል፣ ከወር በኋላ ሲያነሣው መዝገቡ ላይ አንዳች ነገር አይገኝም።

ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ ውጪ የሚታሰበው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ ነው ካሉሽ ተረኛ ችሎት የት እንዳለ ጠይቂ። ጊዜው አልፎ ካላቀረቡት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ትችላላችሁ።

ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም በእስር አቆይቶ የሚመረምርበት ተጨማሪ ጊዜ፣ መጠየቁ አይቀርም። የወንድሜ ጉዳይ በታየበት በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። እኛ በመጀመሪያው ቀጠሮ አንገታችንን ደፍተን ወጣን፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በሁለተኛው ጠበቃችን ተነሥቶ «ባለፈው ምስክር እንሰማለን ብላችሁ ነበር፤ ስንት ሰማችሁ?» ሲል መርማሪው መልስ አጣ፤ ዳኛዋም የዚያኑ ዕለት ዋስትና ፈቀዱ። እናንተ በመጀመሪያው ቀን ዋስትና ጠይቁ። የሙስናና የሽብር ጉዳዮች በራሳቸው አዋጅ ስለሚታዩ ወንድምሽ በምን እንደተጠረጠረ ቀድመሽ አጣሪ።

ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላችሁ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው በኩል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ክስ ከተመሠረተ ደግሞ ተከላካይ ጠበቃ እንዲቆምለት ችሎቱን ይጠይቅ። አንቺን እንዳያይ ቢከለክሉት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 21 ጥቀሺ፤ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኙት መብቱ ነው።

ዋስትና ተፈቅዶ ገንዘብ ካስያዛችሁ ዋናውን ደረሰኝ አንቺ ዘንድ አስቀምጪው፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ገንዘቡን ለማስመለስ የምትጠየቂው እሱን ነው።