ለበገና ይጨበጨባል?

ከአዳራሹ በር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ዓምዱን አዲስ ለምታነቡ፦ እኔ ምሁር አይደለሁም፣ ሙዚቀኛም አይደለሁም። 26 ዓመት የሠራሁት ወንበር ስደረድር፣ ድምፅ ማጉያ ስገጥምና የአዳራሽ ቁልፍ ስይዝ ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላ ደግሞ እዚሁ ሰሜን ሸዋ። የቋንቋ፣ የታሪክና የኪነ ጥበብ ትምህርት ክፍሎች ያዘጋጁትን ገለጻ፣ የግጥም ምሽትና ኮንሰርት ሁሉ ከበሩ ዳር ቆሜ ሰምቻለሁ። ጡረታ ስወጣ ቁልፉን አስረከብኩ። አስተያየቴን የሚረከበኝ ስላጣሁ ይኸው እዚህ እጽፋለሁ።

*

«ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በጥልፍ ሥራ የምተዳደር እናት ነኝ። ልጄ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ስለ አካባቢያችን ታሪክ ሕዝባዊ ገለጻ እንዳዘጋጀ ነገረችኝና ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው የተማሪ ወይም የሠራተኛ መታወቂያ ጠየቀኝ። የለኝም ብለው መለሰኝ። ሕዝባዊ ማለት የየትኛው ሕዝብ ነው?» ወ.፣ ከሰላ ድንጋይ

እትዬ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም ከደብዳቤዎ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አይቀየሙኝ። እንዲህ ያለው ነገር የአንድ በር ብቻ አይደለም። ማስታወቂያውን የሚጽፈው ትምህርት ክፍሉ ነው። ጥበቃው የሚታዘዘው ደግሞ ለሌላ ቢሮ ነው። በሁለቱ መካከል አንዲት ወረቀት ካልሄደች፣ ግድግዳው ላይ «ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» ተብሎ በሩ ላይ «ወዴት ነው?» ይባላል። ጥበቃውን አልወቅስም፤ ያልተነገረውን ከየት ያመጣል? እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ የዝግጅቱ ዕለት ጠዋት ከማስታወቂያው አንድ ቅጂ ይዤ ወደ ዋናው በር እወርድ ነበር። ለተረኛው ሰዓቱንና አዳራሹን ነግሬ፣ «እናቶችና ሽማግሌዎች ሲመጡ መታወቂያ ሳይሆን ወንበር እንሰጣቸዋለን» እለው ነበር። ማንም አላዘዘኝም። አንድ ጊዜ ዘንግቼው ቀርቼ የዕለቱ ተናጋሪ አባት በር ላይ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ረስቼ አላውቅም።

ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያድርጉ። የቀበሌ መታወቂያዎን ይያዙ። ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። «ስብሰባ አለ ተብዬ ነው» አይበሉ፤ «የታሪክ ትምህርት ክፍል ያዘጋጀው ገለጻ ላይ ልገኝ ነው» ብለው የተናጋሪውን ስም ይጥሩ። ስም ሲጠራ በር ይላላል። ልጅዎም ከቀኑ በፊት ወደ ትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ሄዳ ስምዎን በር ላይ በሚቀመጠው ዝርዝር ታስይዝ።

የሕዝቡን ነገር ካነሡ ግን ልጨምርልዎ። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ተማሪዎች በዓመታዊው የኮሌጅ ቀን በዓላቸው ግጥም ሲያነቡ፣ የድሃውን ኑሮ ያነሡት ግጥሞች መንግሥትን እስከ ማስቆጣት ደርሰው ነበር። ተማሪ ለተማሪ አንብቦት ግቢ ውስጥ የሚቀር ነገር ቢሆን ማንን ያስቆጣ ነበር? ወደ ከተማው ስለሚወጣ ነው የተፈራው። አሁን የሚያስፈራን ደግሞ ከተማው ወደ ግቢው መግባቱ ሆኗል መሰለኝ።

ደግሞ እርስዎ የሚገቡት ለመስማት ብቻ አይደለም። ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት መርሐቤቴ ነው፤ ከዚህ ሩቅ አይደለም። የእሳቸውን የልጅነት የቆሎ ተማሪ ኑሮ ከፊት ወንበር የተቀመጠ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በመጽሐፍ ያነበዋል። ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ ስትሰጥ የኖረች እናት ግን በዓይኗ አይታዋለች። አንድ ጊዜ ስለ ጥንት ልብስ በተሰጠ ገለጻ ላይ ተናጋሪው የአንድ ጥልፍ ስም ጠፍቶበት ሲጨነቅ፣ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ ስሙን ብቻ ሳይሆን በስንት ቀን እንደሚያልቅም ነገረችው። ከሁለት ሰዓት ገለጻ አሁን ድረስ የማስታውሰው ያንን ብቻ ነው። እና እትዬ፣ ይሂዱ።

*

«ጋሼ፣ በትምህርት ክፍላችን የባህል ምሽት አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። በገና፣ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ያሉበት ኮንሰርት አስበናል። ባለፈው ዓመት ስንሞክር በገናው አልተሰማም፤ ድምፁን ስንጨምር ደግሞ ማጉያው ጮኸብን። ሌላም ጥያቄ አለን፤ በገና ተደርድሮ ሲያበቃ ይጨበጨባል ወይስ አይጨበጨብም? ግማሹ አዳራሽ ሲያጨበጭብ ግማሹ ገላመጠው።» ሰ.፣ ተማሪ፣ ከሰሜን ሸዋ

ልጄ፣ ያንቺን ስሕተት እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ያውም በአንድ አባት ላይ። በገናቸውን ታቅፈው ሲጀምሩ ከኋላ ያሉት «አይሰማም» አሉ። እኔም ማጉያውን ሽቅብ ገፋሁት። አዳራሹ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። ሽማግሌው እጃቸውን አውታሩ ላይ አሳርፈው ዝም አሰኙትና በዓይናቸው ፈለጉኝ። «ልጄ፣ ይህን ዝጋልኝ፤ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጸልየው» አሉ። ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ሰው እስትንፋሱን ይዞ ሰማቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው በገናን ማጥናት የጀመርኩት። አውታሮቹ 10 ናቸው፤ ከበግ አንጀት የተፈተሉ። ደርዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው 6ቱን ነው፤ ሌሎቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። ያ እንደ ንብ የሚያስገመግም ድምፅ የሚመጣው እንዚራ ከሚባሉት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው፤ በአውታሩና አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት፣ በብርኩማው፣ መካከል ይገባሉ። ባለሙያው የእያንዳንዱን እንዚራ ቦታ በፀጉር ስፋት ያስተካክላል። እንግዲህ ማይክሮፎኑን እዚያው ብርኩማው አፍ ላይ ብትደቅኚበት የምትሰሚው የቆዳውን ንዝረት ብቻ ነው፤ ዜማውን አታገኚውም። ክንድ የሚያህል ራቅ አድርገሽ፣ አንድ ብቻ፣ ከሣጥኑ ፊት ለፊት አቁሚው። የደርዳሪው ድምፅ በዚያው ይገባል። ሁለተኛ አትጨምሪ። ማጉያው የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ የራሱን ድምፅ መልሶ ስለሚሰማ ነው፤ ስለዚህ የማጉያው ሳጥኖች ከማይክሮፎኑ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ቀርበው፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ ያዙሩ።

የአዳራሹ ግድግዳ ሲሚንቶ ከሆነ ድምፁ ይመላለሳል። ለዚህ መሣሪያ አትግዙ። የምትኖሩት በብርድ ልብስ አገር ነው! ከየቤቱ ብርድ ልብስ፣ ከመንዝ የመጣ ባናም ካገኛችሁ ባና፣ ተውሳችሁ የኋላውን ግድግዳ አልብሱት። ወፍራም ሱፍ የገደል ማሚቶን ይውጣል። እኔ አንድ ጊዜ 14 ብርድ ልብስ ሰቅዬ የፋኩልቲው ኃላፊ «ልብስ አጥበህ ነው?» አሉኝ። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ግን አልቀለዱም። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ በገና አታስቡ። ዝናቡ ካንቺ ፈቃድ አይጠይቅም።

ብርዱንም አትርሺ። የማሲንቆ ሣጥን የተወጠረው በቆዳ ነው፤ ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይረግባል፤ ከበሮም እንዲሁ። ተጫዋቾቹ ከውጭ ገብተው ወዲያው መድረክ ላይ አይውጡ፤ አንድ ሰዓት ቀድመው ገብተው መሣሪያቸው የአዳራሹን አየር ይልመድ። ክራሩን በተመለከተ፣ ዘፈኖቹን በቅኝት ደርድሯቸው፤ የትዝታዎቹን በአንድ ላይ፣ የባቲዎቹን በአንድ ላይ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬንም እንዲሁ። አለበለዚያ ልጁ በየዘፈኑ መሐል አውታር ሲያጠብቅና ሲያላላ ሕዝቡ ወሬ ይጀምራል።

ቅደም ተከተሉ ከሁሉ ይበልጣል። እነዚህን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ መሰብሰብ ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በ1955 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ በየአገሩ ለየብቻ ይኖሩ የነበሩ መሣሪያዎችን ነበር ያገናኘው። ስለዚህ መሰብሰቡ ነውር የለበትም። ነውሩ በገናን ከሽለላና ከፉከራ ቀጥሎ ማስገባት ነው። ጆሮው ገና እየነደደ ያለ ሰው በገና አይሰማውም። በገናውን መጀመሪያ አድርጊው፤ ሰው ገና ከመንገዱ ብርድ ገብቶ ጸጥ ብሎ ሳለ። ፉከራው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ማንም አይቀድመውም።

ወደ ጭብጨባው ስመጣ፣ በገና በዐቢይ ጾም በየቤቱ የሚደረደር የጸሎት መሣሪያ ነው። በጸሎት መጨረሻ ማን ያጨበጭባል? የእኔ ፍርድ «አይጨበጨብም» ነው። ነገር ግን የኔ ፍርድ ደርዳሪውን አይገዛም። መድረክ የለመዱ፣ ጭብጨባ የማይከብዳቸው ደርዳሪዎች አሉ። ቀድማችሁ ጠይቁት፤ ከዚያ መድረክ መሪው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገር፦ «ደርዳሪያችን ሲያበቁ በጸጥታ እንሸኛቸዋለን።» በቃ። ባለፈው ዓመት የተገላመጡት ሰዎች ሁለቱም ወገን አክባሪዎች ነበሩ፤ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ደግሞ ያን ዓረፍተ ነገር ወደ ሩብ ሰዓት ንግግር እንዳያረዝሙባችሁ።

*

«ከገለጻ በኋላ ጥያቄ መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ እጄን ሳነሣ ግን ልቤ ይመታል፤ ማይክሮፎኑ ሲደርሰኝ ደግሞ የምለው ይጠፋኛል። ሌላው ችግሬ ትራንስፖርት ነው፤ ሁልጊዜ ጥያቄና መልሱ ሳይጀመር እወጣለሁ።» ዳ.፣ ከሸዋ ሮቢት

ጥያቄህን ገለጻው እየተሰጠ ሳለ በወረቀት ጻፈው። ከሁለት መስመር ካለፈ ሰርዝ። ማይክሮፎኑ ሲደርስህ «በመጀመሪያ ይህን መድረክ ያዘጋጁትን» ብለህ አትጀምር፤ ተመስግነው አልቀዋል፤ በእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አንድ ጊዜ፣ በመክፈቻው አንድ ጊዜ፣ የክብር እንግዳው ሲናገሩ ሌላ ጊዜ። ወረቀቱን አንብበውና ተቀመጥ። ልብህ ይምታ፤ ለማንም አይሰማም።

ስለ ትራንስፖርቱ የምጮኸው ግን ባንተ ላይ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ጣርማ በርን አቋርጦ ቆላ የሚወርድ ሰው ማታ መኪና እንደማያገኝ አዘጋጆች ያውቃሉ። ታዲያ በ11 ሰዓት የተጠራው ገለጻ በ11 ተኩል ይጀመራል፤ እንግዶቹ እስኪመጡ ይጠበቃል። የፊተኛው ረድፍ በታሸገ ውኃ ተይዞ ባዶውን ይውላል። ቅዳሜ በ8 ሰዓት ቢጀመር ምን ይጎድላል? እስከዚያ ድረስ ጥያቄህን ጽፈህ ለመድረክ መሪው አስቀምጥለትና ሂድ። መልሱን የሚነግርህ ጓደኛ አይጠፋም።

*

«ጋቢ ለብሶ ኮንሰርት መግባት ነውር ነው ወይ? ልጆቼ አትልበስ ይሉኛል።» ከደብረ ብርሃን

ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እኔ የማውቃቸው አዳራሾች ደግሞ ማሞቂያ የላቸውም። ይልበሱ። ከኋላዎ ለሚቀመጠው ሰው ሲሉ ራስዎ ላይ ብቻ አይከናነቡት። ወደ በገና ምሽት የሚሄዱ ከሆነማ ጎረቤቶችዎንም ጋቢ አስለብሰው ይዘው ይምጡ፤ ያቺ የኮሚቴ ልጅ የምትዋሰው ብርድ ልብስ ይቀንስላታል።