ከጡረታ ቢመለስ የምመኘው አውሮፕላን

ወንድሜ፣ ከጡረታ ቢመለስ የምትሉት የጦር አውሮፕላን የቱ ነው ላልከው፣ እኔ ሳላመነታ የአሜሪካውን የስለላ አውሮፕላን ኤስአር-71 ብላክበርድን እላለሁ። ከድምፅ ሦስት እጥፍ በላይ ይፈጥን ነበር። በዚያ ፍጥነት የቲታኒየም አካሉ ግሎ ስለሚለጠጥ መጋጠሚያዎቹ ላይ ክፍተት ተትቷል። ስለዚህ መሬት ላይ ቆሞ ነዳጅ ያንጠባጥብ ነበር! እንዲህ ያለ ማሽን ከየት ይገኛል?

ደግሞ አንዴ ተመልሶ ያውቃል። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1990 አሰናበተው፤ በ1995 መልሶ ጠራው፤ በ1998 ግን ጨርሶ ተወው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ እስከ 1999 አብርሮታል።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተዋጊ ጄት የነበረው ኤፍ-14 ቶምካትም አንጀቴን ይበላዋል። የእሱ ግን ተስፋ የለውም። በ2006 ከባሕር ኃይሉ ከወጣ በኋላ፣ መለዋወጫው ይህንኑ አውሮፕላን ቀድማ በገዛችው ኢራን እጅ እንዳይገባ ተብሎ ብዙዎቹ በማሽን ተከታትፈዋል።