ስም ሳይሰጡ የሚያስገኙት ወሮታ

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በማድርበት ሕንፃ ላፕቶፕና ብስክሌት በተደጋጋሚ ይሰረቃል፤ አንድ ልጅም ሌሊት የብስክሌት ሰንሰለት በብረት መቁረጫ ሲበጥስ በመስኮቴ አይቻለሁ። ሊፍቱ ውስጥ የተለጠፈው ማስታወቂያ ስማቸውን ሳይገልጹ ለሚጠቁሙ ገንዘብ እንደሚሰጥ ይናገራል። እናቴ ግን «ጆሮ ጠቢ እንድትሆኚ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?» አለችኝ። ስሜ በእርግጥ አይታወቅም? ገንዘቡን መቀበልስ ነውር ይሆን?

መልስ፦ በደርግ ዘመን ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያስይዝ ያየ ትውልድ ጥቆማ የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢሸማቀቅ አይፈረድበትም። የአሜሪካው አሠራር መነሻ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ይሠራ የነበረ የኮሌጅ ተማሪ ተገድሎ ፍንጭ በጠፋ ጊዜ፣ ግሬግ ማክአሊስ የተባለ መርማሪ ፖሊስ ድርጊቱ በቴሌቪዥን ተመስሎ እንዲታይ አደረገ፤ መረጃ ለሚሰጥም ስሙ ሳይጠየቅ ወሮታ እንደሚከፈል አስነገረ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ደውሎ የሰጠው ፍንጭ ተጠርጣሪዎቹን አስያዘ። «ክራይም ስቶፐርስ» የሚባለው አሠራር የተወለደው ከዚህ ነው። ደዋዩ ስም ሳይሆን የመለያ ቁጥር ይይዛል፤ ጥቆማው ሰው ካስያዘ ገንዘቡን የሚቀበለውም በዚያው ቁጥር ነው።

ይሁን እንጂ ማስታወቂያው የዚህ ድርጅት ነው ወይስ የዩኒቨርሲቲው የራሱ መስመር? «በምስጢር ይያዛል» ማለት ስምዎ ይታወቃል፣ ግን አይነገርም ማለት ነው፤ ስም የለሽ ከመሆን እጅግ ይለያል። ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ከላኩማ ፈርመው እንደ መስጠት ነው። «ከመስኮቴ አየሁ» የሚለውም ቃል ራሱ ማንነትዎን ሊጠቁም ይችላል።

የልጁን መልክ ብቻ ሳይሆን ያደረገውን ይናገሩ። ቼክ ሸሚዝ የለበሰ ጥቁር ወጣት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሽጉጥ ይዞ ቆሟል የሚል ስም የለሽ ጥቆማ ብቻውን ሰውን አስቁሞ ለመፈተሽ እንደማይበቃ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ወስኗል፤ በመልክ የሚጠረጠሩ ልጆች ላሉን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ገንዘቡን መቀበል ነውር አይመስለንም፤ ሳይወስዱት የሚቀሩም ብዙዎች ናቸው፣ አፍ የሚያስከፍተው ከብሩ ይልቅ ስም አለመጠየቁ ይመስለናልና። ልጁን ዳግም ሰንሰለት ሲበጥስ ካዩት ግን ወሮታውን ይተዉና ወዲያውኑ 911 ይደውሉ።