ጥያቄ ባነሣሁ ቁጥር «ጠበል ሂጂ» ይሉኛል

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ደሴ ውስጥ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪት ነኝ። ቢመረኝ ነው የምጽፍልዎ። ምንም ብጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ፈተና ነው፣ ጠበል ተጠመቂ።» ጸሎት የሚሰማ ከሆነ ለምን ዝም ይላል ብዬ ብጠይቅ እማዬ «አፍሽን ያዢ!» አለችኝ። ለሰብሳቢያችን ባነሣው «ጥያቄ የሚያበዛ እምነት የጎደለው ነው» ብሎ በሰው ፊት ገሠጸኝ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ሳልፍ ይንሾካሾካሉ። ጠበሉንስ ሄጄ ተጠመቅሁ፤ ጥያቄው አብሮኝ ተመለሰ። እማዬ ግን ዛሬም ጠበል፣ ነገም ጠበል ናት። ታናሽ ወንድሜ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ጀምሮ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ ከራስጌዋ አታነሣም፤ እኔን ለመነዝነዝ ግን ጉልበት አላት። እኔም ዳዊት መድገሙን ትቼ ስልኬ ላይ የሃይማኖት ክርክር ሳይ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይሆናል። ለንስሐ አባታችን እንዳልነግር የቤቱ ሁሉ አባት ናቸው፤ እማዬ ጆሮ እንዳይደርስ እፈራለሁ።

ልጠይቅዎ የፈለግሁት ይህን ነው። ልቤ እየተጠራጠረ በነጭ ልብስ ቆሜ መዘመሬ ማስመሰል አይሆንም? ልውጣ?

ሰ. ነኝ፣ ከደሴ

መልስ

አትውጪ።

ሰብሳቢው አጥፍቷል። የመጻሕፍት ትርጉም በሚሰጥበት በትርጓሜ ቤት ደቀ መዝሙር ሲጠይቅ መምህሩ «አንድም» እያለ ሌላ ትርጉም እየጨመረ ያሰፋለታል እንጂ ጠበል አይልከውም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። የወንድምሽን መጥፋት በግማሽ ዐረፍተ ነገር፣ ያውም እናትሽን ለመክሰስ ብለሽ አነሣሽው። «ለምን ዝም ይላል» ያልሽው ስለ እሱ አይደለም እንዴ? ተከራካሪዎቹ የሚጣሉት በጥቅስ ነው፤ አንቺ የምትጠይቂው ስለ አንድ ልጅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ብታዳምጫቸው አይመልሱልሽም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልክሽን ደወሉን ከፍተሽ ከእናትሽ ስልክ አጠገብ አስቀምጪው። እሳቸውም የጠፋባቸው ልጃቸው ነው። ጠበል ጠበል የሚሉሽ ሌላ የሚይዙት ስላጡ ይመስለኛል።

ዳዊቱን በአንዴ ወደ ዕለት ድርሻው አትመልሺው። የሰኞው ብቻ ከ1 እስከ 30 ነው። ኀዘን ያደከመው ሰው በማግሥቱ ይጥለዋል፤ መጣሉም ሌላ ክስ ይሆንበታል። አንድ ንጉሥ፣ አሥሩ መዝሙር፣ እንኳ ለአሁን ይበዛብሻል። ጠዋት መዝሙር 12፣ ማታ 87፣ በአማርኛ፣ ድምፅ አውጥተሽ። (ባለ 66ቱን መጽሐፍ ቅዱስ ከያዝሽ 13 እና 88 ናቸው።) የመጀመሪያው «እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይነሣና በምስጋና ያበቃል። 87 ግን ምስጋና ላይ ሳይደርስ እንደ ጨለመ ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያን አላፈረችበትም፤ ከሐሙስ ድርሻ ጋር ይደገማል። አንቺም እንደዚያው ሳታለሳልሺ ተናገሪ።

ማስመሰል ያልሽውን በተመለከተ ዮሐንስ 20ን አንብቢ። ቶማስ «አላምንም» ካለ ከስምንት ቀን በኋላም ከወንድሞቹ ጋር በቤት ውስጥ ነበር። አሥሩ አላስወጡትም፤ እሱም ጥሏቸው አልሄደም። ዳግም ትንሣኤን የምናከብረው በዚህ ታሪክ ነው። ሕፃናት የማስተማር ተራ ቢደርስሽ ለጊዜው ለሌላ ልቀቂ፤ መዝሙሩን ግን ዘምሪ።

የንስሐ አባትሽን ሽሽት በዚሁ ይብቃ። የንስሐ ምሥጢር ለእናትም አይነገርም፤ ካህን ቢያወጣው ከባድ ጥፋት ነው። ቤት ለጸበል ጻዲቅ ሲመጡ፣ ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ አይሆንም። ከቅዳሴ በኋላ በቅጽሩ ውስጥ ለብቻቸው ያዣቸው። «ተጠራጠርሁ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ስግደት አዝዘው ሊሸኙሽ ይችላሉ። «ወንድሜ ጠፍቶብኛል፣ እግዚአብሔርን ተቀይሜዋለሁ፣ መጸለይም አቅቶኛል» በያቸው። ቁርባን ስለ መቀበልሽም እዚያው አንሥተሽ ምክራቸውን ተቀበይ።

ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ ልጁም ይፈለግ። የቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፋ ቤተሰብ የማገናኘት አገልግሎት አለው፤ ክፍያ የለውም። ከእናትሽ ጋር ሂዱ። ስሙን እስከ አያት፣ የትውልድ ዘመኑን፣ መጨረሻ የደወለበትን ቦታና ቀን ጽፋችሁ ፎቶውን ያዙ። ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩ የእኛ ልጆች በመንገድ ላይ የሙስሊም ስም የሚይዙበት ጊዜ አለ። አብረውት የወጡትን የሰፈር ልጆች ቤተሰቦች ጠይቂና ያንንም ስም አስመዝግቢ። እስከዚያው «ልጃችሁ እኔ ዘንድ ነው» የሚል ደላላ ቢደውል፣ የልጁን ድምፅ ራሳችሁ ሳትሰሙና እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ሳትጠይቁት አንድ ብር እንዳትልኩ።