አስተርጓሚዋ የባሏ እህት ናት

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከረሙ? ባቲ አካባቢ አዋላጅ ነርስ ነኝ። አንዲት የአፋር እናት ለእርግዝና ክትትል ትመጣለች። ባለፈው ክንዷ በልዞ አየሁ። «ወድቃ ነው» ያለችኝ ግን አብራት የምትመጣው የባሏ እህት ናት። እኔ አማርኛና ኦሮምኛ እንጂ አፋርኛ አልችልም። ባልደረቦቼ «ባህላቸው ነው፣ አትግቢበት» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። «ባህላቸው ነው» የሚለውን ከጆሮሽ አውጪው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ነገር ነው።

እኔም አጥፍቻለሁ። ወጣት ሳለሁ አንዷን አማቷ ፊት «መትቶሽ ነው?» አልኳት። ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ የጫፉን ክር ትፈትል ጀመር። የመለሱልኝ አማትየዋ ናቸው። ልጅቷን ዳግም አላየኋትም። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ስለዚህ እህትየዋ ፊት አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። በአብሱማ፣ ማለትም በአፋሮች የአክስትና የአጎት ልጆች ጋብቻ፣ ተጋብተው ከሆነ ደግሞ ያቺ ሴት የአጎቷም ልጅ ልትሆን ትችላለች። የባልና የሚስት ወገን አንድ ሲሆን፣ ከአንዱ ሸሽቶ ወደ ሌላው መግባት የለም።

ለብቻዋ ለማግኘት የሽንት ምርመራው ይበቃሻል። «እርጉዟ ብቻ ትግባ» የሚለውን ለሁሉም እናት ደንብ አድርጊው፤ ለእሷ ብቻ ከሆነ ይነቃል። አፋርኛ የምትችል፣ የእሷ ዘመድ ያልሆነች ሴት ባልደረባ ፈልጊ። ልጅ እንዳታስተረጉሚ። ቀጠሮዋን ሰኞ አድርጊው። የባቲ ገበያ ቀን ስለሆነ «የት ሄደሽ ነበር?» የሚላት የለም።

«ቤት ውስጥ የሚያስፈራሽ ሰው አለ?» ብለሽ ጀምሪ። ዝም ካለች ዝም በይ። አስተርጓሚዋ ረጅሙን ንግግር በሁለት ቃል ከቆረጠችው ደግመሽ ጠይቂ። «ፍቺው» አትበያት፣ ሽማግሌም አትላኪ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ሚስትን መምታት ወንጀል እንደሆነ ንገሪያት፤ የመክሰሱን ውሳኔ ለእሷ ተዪላት። አንገቷን አንቋት ወይም «እገድልሻለሁ» ብሏት ከሆነ ግን፣ የት እንደምታድር ሳትነጋገሩ አትሸኚያት። ሆዷን ተመትታ ደም ከፈሰሳት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ።

ይዛው በምትሄደው ካርድ ላይ ምንም አትጻፊ። የበለዘውን ቦታ፣ መጠኑን፣ ቀለሙን፣ ያለችሽንም በራሷ ቃል በሚቆለፈው ፋይል አስፍሪ። ነገ ልክሰስ ብትል ማስረጃዋ እሱ ነው።

ምንም ባትነግርሽም ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሰኞን ስጪያት።