የመጋዘኔ ጎርፍ አጥሩን እየበላው ነው

ጥያቄ፦ ገላን አካባቢ ተዳፋት ላይ መጋዘን አለኝ፣ ጣሪያው 1,000 ካሬ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ግቢውን ሸርሽሮ የአጥሩ መሠረት ወጣ፣ ጭቃው ጎረቤት ግቢ ይገባል። ሁሉንም ኮንክሪት ላልብሰው?

መልስ፦ ወንድሜ ኮንክሪቱን ቆይ! መሬቱ የሚጠጣውንም ውሃ አፍጥነህ ጎረቤትህ ላይ ነው የምትለቀው። እስቲ አስበው፣ 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው፣ ስለዚህ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊሜትር ከጣለ ከጣሪያህ ብቻ 30,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው፣ ሶስት ባለ 10,000 ሮቶ ሙሉ። አሸንዳው የሚያፈስበትን ቦታ ሄደህ እየው፣ አፈሩ ተጠርጎ ጠጠሩ ብቻ ቀርቶ ጉድጓድ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ችግሩ የሚጀምረው እዛ ጋ ነው። የቻልከውን በሮቶ ያዝ፣ ትርፉን በድንጋይ በተነጠፈ ቦይ ውሰደው፣ ቁልቁለቱ ላይ ቦዩን ደረጃ ደረጃ አድርገው ፍጥነቱ እንዲሰበር። አፈሩ ጥቁር ከሆነ ደግሞ አደራ፣ መሠረቱ ስር ውሃ አታስተኛ፣ ሲርስ ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። ተዳፋቱን አግድም ቬቲቨር ሳር ጠጋ ጠጋ አድርገህ ትከልበት፣ ሥሩ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፣ ዝናቡ ሲጀምር ትከለው። የቦዩን መውጫ ግን ሳትቆፍር በፊት ከጎረቤትህና ከወረዳው ጋር ተነጋገርበት።