ለሌላው ከመናገር በፊት፦ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ካሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ከተማሪዎችና ከዘጌ አስጎብኚዎች የተሰበሰቡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እመልሳለሁ። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከፍታችሁ ተከታተሉ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰው ስለ እምነቴ ሲጠይቀኝ አፌ ይያዛል። ምን ያህል ባውቅ ነው መናገር የምችለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉን እስክትጨርሺ ብትጠብቂ ዕድሜ አይበቃም። አንድ መጽሐፍ ግን ከዳር እስከ ዳር እወቂ፤ ማርቆስን ምረጪ። 16 ምዕራፍ ነው፤ በቀን ሁለት ሁለት ካነበብሽ በ8 ቀን ያልቃል። የመጀመሪያውን ዙር እስክሪብቶ ሳትይዢ አንብቢ። በሁለተኛው ለየምዕራፉ የት እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረና ምን እንደተጠየቀ ጻፊ። በሦስተኛው ምዕራፉን አንብበሽ መጽሐፉን ዝጊና ለቤት ሰው በቃልሽ ተርኪ።

ክፍተቱ የሚታወቀው ስትተርኪ ነው። ብዙ ሰው ምዕራፍ 6ን ከምዕራፍ 8 ጋር ያደባልቃል። በምዕራፍ 6 አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ፣ አምስት ሺህ ወንዶች፣ የተረፈው 12 መሶብ ነው። በምዕራፍ 8 ሰባት እንጀራና ጥቂት ትንንሽ ዓሣ፣ አራት ሺህ ያህል ሰው፣ የተረፈው 7 ቅርጫት። ሁለቱን አንድ አድርገሽ ብታወሪ፣ ያነበበ ሰው 8፥19-20ን ከፍቶ ጌታ ራሱ ሁለቱን ለይቶ ደቀ መዛሙርቱን እንደጠየቀ ያሳይሻል። ከዚያ ወዲያ የምትናገሪውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚሰማሽ።

ጥያቄ፦ በፈተና ሰሞን ለተጨነቀ ጓደኛ ኤርምያስ 29፥11ን («የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለውን) እንልካለን። አንዱ ግን «ከቦታው ነቅላችሁ ነው የምትጠቅሱት» አለን። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እውነቱን ነው፤ ጥቅሱን ግን አትጣሉት። ከቁጥር 1 ጀምሩ። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የላከው ደብዳቤ ነው። ከቁጥር 5 እስከ 7 ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ስለ ከተማይቱም ጸልዩ ይላቸዋል። በቁጥር 10 ደግሞ የምርኮውን ጊዜ 70 ዓመት ያደርገዋል። በምዕራፍ 28 ሐሰተኛው ነቢይ ሐናንያ «ሁለት ዓመት ብቻ» ብሎ ሕዝቡን በሐሰት አጽናንቶ ነበር። ስለዚህ 29፥11 ብዙ ለሚቆዩ ሰዎች የተሰጠ ተስፋ ነው፤ ለዚህ ሳምንት ፈተና የተሰጠ ዋስትና አይደለም። እንደ ዋስትና ከላካችሁትና ጓደኛችሁ ቢወድቅ፣ የሚያዝነው በእናንተ ሳይሆን በእግዚአብሔር ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማንኛውንም ጥቅስ ከመላካችሁ በፊት ከላዩ 10 ቁጥር፣ ከታቹ 10 ቁጥር አንብቡ። ማን ለማን እንደተናገረው በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ካቃታችሁ አቆዩት። ጥቅስ መጥቀስ ብቻውን አይበቃም፤ በማቴዎስ 4፥6 ፈታኙ ዲያብሎስም የጠቀሰው ከመዝሙር ነው፤ ጌታ የመለሰለት «ደግሞ ተጽፎአል» ብሎ ከኦሪት ዘዳግም 6፥16 ነው።

ጥያቄ፦ የመዝሙር ቁጥሬ ከጓደኛዬ መጽሐፍ ጋር አልገጥም አለኝ።

መልስ፦ የግእዙ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር ስለሚከተል ሌላው ጋ 9 እና 10 የሆኑትን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛው ቁጥር በአንድ ያንሳል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በዳዊቱ 22፣ በሌላው 23 ነው። መነሻ ቃሉን ጥራ፤ ሁለታችሁም ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ዘጌ ላይ እንግዶችን አስጎበኛለሁ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥዕል ሲጠይቁኝ ሁሉንም «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ» እላለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም፣ ወንድሜ። ለራስህ በሦስት ክፈለው፦ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሆነ፣ ከተአምረ ማርያም የሆነ፣ ከቅዱሳን ገድል የሆነ። ሰው በላ የነበረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ከተአምረ ማርያም ነው። እንግዳው ወንጌል ውስጥ ፈልጎ ሲያጣው እውነት የነገርከውንም አብሮ ይጥለዋል። ከወንጌል የሆነውንም ቢሆን ተጠንቅቀህ ተናገር። ሰብአ ሰገል ሦስት ሆነው ተሥለው ብታይ፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 2 ቁጥራቸውን አይናገርም፤ ሦስት የሆኑት ወርቁ፣ ዕጣኑና ከርቤው ናቸው። «ወንጌሉ ቁጥር አልሰጠም፣ ሠዓሊው ሦስት አድርጓቸዋል» በለው። የማታውቀውን ሥዕል የደብሩን መሪጌታ ጠይቅና ጽፈህ ያዝ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምነዳው። ተሳፋሪ ስለ እምነት ቢያነሳብኝ በዚያች አጭር መንገድ ምን ልበል?

መልስ፦ ከጉዞው የሚረዝም ክርክር አትክፈት። ሉቃስ 15፥11-32ን ብታጠና የጠፋውን ልጅ ታሪክ በጥቂት ደቂቃ ትጨርሰዋለህ። ሰው ሁሉ ግን አባት ልጁን ሲያቅፍ ላይ ያቆማል። ከቁጥር 25 በኋላ ያለውን ታላቅ ወንድም አትተው፤ ምሳሌው የተነገረው ጌታ ከኃጢአተኞች ጋር በመብላቱ ባንጎራጎሩት ፊት መሆኑን 15፥2 ይነግርሃል። ተሳፋሪህ ራሱን ከሁለቱ ልጆች በአንዱ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ያልተማርኩትን ቢጠይቁኝስ? ማፈር አልፈልግም።

መልስ፦ «አላውቀውም፣ እሑድ መልሱን ይዤ እመጣለሁ» በል፤ በቀጠሮህም ተገኝ። ጥያቄውን ሰውየው በተናገረበት ቃል ጻፈው፤ በራስህ ቃል ከቀየርከው መምህሩ የሚመልሱልህ ያልተጠየቀውን ነው። አጵሎስ በመጻሕፍት የበረታ ሆኖ ሳለ የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር የሚያውቀው። አቂላና ጵርስቅላ ለብቻው ወስደው አስተማሩት (ሐዋርያት ሥራ 18፥24-26)፤ እሱም ተቀበላቸው።

ጥያቄ፦ ፕሮቴስታንት ጓደኛዬ 66 መጽሐፍ ነው የሚቀበለው፤ እኛ 81። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ሁለታችሁም ከምትቀበሉት። ከ66ቱ ውስጥ የሌለውን መጽሐፈ ሄኖክን መጥቀስ ካስፈለገህ በይሁዳ መልእክት ቁጥር 14-15 በኩል ግባ፤ ይሁዳ ሄኖክን በስሙ ጠርቶ ትንቢቱን ይጠቅሳልና። ያንን ክፍል አብራችሁ አንብቡና ከዚያ ስለ መጽሐፉ ተነጋገሩ።